ስብሰባው ካለቀ በኋላ የሚነገረው

በብዙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ስብሰባ ሲጠራ የሚካሄዱት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቃለ ጉባኤ የሚያዝለት ነው። አጀንዳ ይቀርባል፣ ሰብሳቢው «አስተያየት ያለው?» ይላል፣ ጥቂት ዝምታ ያልፋል፣ «እንግዲህ ተስማምተናል ማለት ነው» ተብሎ ይዘጋል። ሁለተኛው ከአዳራሹ በር ላይ ይጀምርና ደረጃውን እየወረደ ይሞቃል፤ ከግቢው ማዶ ካለችው ቡና ቤት ሲደርስ ዋናው ጉዳይ ወጥቶ ይነገራል። ዕቅዱ ለምን እንደማይሳካ፣ ግዥው የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቆም፣ በሪፖርቱ የሰፈረው ቁጥር ከየት እንደተገኘ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይጠፋም። አሁን አሁን የቴሌግራም ግሩፖችም እንዲሁ ሁለት ሆነዋል፤ አለቃ ያለበትና አለቃ የሌለበት። በመጀመሪያው «እሺ» እና «እናመሰግናለን» ይደረደራል። ሥራው በእውነት የሚወራው በሁለተኛው ነው።

የሠራሁት በሰው ሀብት አስተዳደር ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትም በግል ድርጅትም። በእነዚህ ዓመታት እንደዚህ ሁለተኛ ስብሰባ ያሳሰበኝ ነገር የለም። መድኃኒቱ እየታወቀ በሽተኛው ሲጎዳ ማየት ነውና። ባለጉዳዩ መስኮት ላይ ተሰልፎ ይውላል፣ ማሽኑ በየሳምንቱ ይቆማል፣ ጎበዟ ሠራተኛ መልቀቂያ ታስገባለች፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቁት ግን ቡና ቤት ተቀምጠው እርስ በርስ ያወራሉ።

ምክንያቱ ሲጠየቅ ሁሌ የምንሰማው መልስ አንድ ነው፤ «የእኛ ሰው ፈሪ ነው፣ ፊት ለፊት አይናገርም።» «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረትም ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ይህን መልስ አልቀበለውም። በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ቃል የማይወጣውን ሰው እሑድ ጠዋት በእድሩ ስብሰባ ሂዱና ተመልከቱት። የድንኳን ኪራይ ለምን እንደጨመረ ሂሳብ ሹሙን አቁሞ ይጠይቃል፣ ደረሰኝ ካላየሁ አልቀመጥም ይላል፣ ሊቀመንበሩን ፊት ለፊት ይሞግታል። በኮንዶሚኒየሙ የነዋሪዎች ስብሰባም እንዲሁ ነው። ሰውየው ያው ነው፣ ቋንቋውም ያው ነው፣ ያደገበት ባህልም ያው ነው። የተለየው ቢናገር ምን እንደሚደርስበት ነው። በእድሩ ሊቀመንበሩን የመረጠው እሱ ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ግን ዕድገቱንና የሥራ አፈጻጸም ነጥቡን የሚሞላው አለቃው ነው።

ኩርት ሌዊን የተባለው ጀርመን ተወላጅ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህንን በአጭር ቀመር አስቀምጦታል፤ የሰው አድራጎት የሰውየው የራሱና ያለበት አካባቢ የጋራ ውጤት ነው። የማኔጅመንት ተማሪዎች «ድርጅታዊ ባሕርይ» እያሉ የሚማሩት የትምህርት ዘርፍ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ዘርፉ ሰዎች በሥራ ቦታ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ያጠናል፤ ለምን እንደሚተጉ፣ ለምን እንደሚለግሙ፣ ለምን እንደሚተባበሩ፣ ለምን ዝም እንደሚሉ። ብዙ ንድፈ ሐሳቦች አሉት፤ ለፈተና ተሸምድደው የሚረሱም አይጠፉም። እኔ ግን ይህን ትምህርት ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የማሳየው አንድ ፋብሪካ ነው።

ፋብሪካው በቺካጎ አጠገብ በምትገኘው በሲሴሮ ከተማ የነበረው የዌስተርን ኤሌክትሪክ የሆውቶርን ፋብሪካ ነው። የስልክ መሣሪያዎች የሚመረቱበት ግዙፍ ሥፍራ ሲሆን በአንድ ወቅት 40 ሺህ ያህል ሠራተኞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ1924 መሐንዲሶች ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይዘው ገቡ፤ መብራት ቢጨመር ምርት ይጨምራል ወይ? መብራቱ ሲጨመር ምርቱ ጨመረ። መብራት ባልተጨመረላቸው ሠራተኞች ዘንድም ጨመረ። በአንድ ሙከራማ ብርሃኑ ከጨረቃ ብርሃን እስከማይሻል ድረስ ተቀንሶ ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን እንዳለ ቀጥለዋል። ከዚያ በኋላ በ1927 ጥቂት ሴቶች ለብቻቸው በአንድ ክፍል ተቀምጠው የስልክ ማስተላለፊያ ዕቃዎችን ሲገጣጥሙ ለዓመታት ተጠኑ። የዕረፍት ሰዓት ተሰጣቸው፣ የሥራ ሰዓት አጠረላቸው፣ ምርቱም በአብዛኛው ወደ ላይ ሄደ። አውስትራሊያዊው የሃርቫርድ መምህር ኤልተን ማዮና ባልደረቦቹ ውጤቱን ሲያብራሩ ሰዎች ትኩረት ሲሰጣቸውና እንደ ቡድን ሲታዩ የተሻለ ይሠራሉ አሉ። ይህ ታሪክ በየመማሪያ መጽሐፉ ይገኛል።

በየመማሪያ መጽሐፉ የማይገኘው ግን ከእነዚያ ሴቶች መካከል ሁለቱ በ1928 መጀመሪያ ወሬ ያበዛሉ፣ አይተባበሩም ተብለው ከክፍሉ ወጥተው በሌሎች መተካታቸው ነው። የመብራቱን ሙከራ የቀድሞ መረጃ አግኝተው እንደገና የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ እንደተወራለት ጎላ ያለ እንዳልነበር አሳይተዋል። ይህንን የማነሣው ጥናቱን ለማጣጣል አይደለም። ማኔጀሮች ከሆውቶርን ይዘውት የሄዱት ትምህርት «ሠራተኛን ፈገግ ብለህ አነጋግረው፣ ይሠራልሃል» የሚል ሆኖ መቅረቱ ስለሚያሳዝነኝ ነው። ለእኔ ትልቁ ነገር የታየው በመጨረሻው ክፍል ነው።

በ1931 መጨረሻ አጥኚዎቹ አሥራ አራት ወንዶችን በአንድ ክፍል አስቀምጠው ምንም ሳይለውጡ ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ዘጠኙ ሽቦ ያገናኛሉ፣ ሦስቱ ይበይዳሉ፣ ሁለቱ ጥራት ይቆጣጠራሉ። ክፍያው በቡድን ምርት የሚሰላ ስለነበረ ብዙ በሠሩ ቁጥር ሁሉም የበለጠ ያገኛሉ። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚለግም ሰው ሊኖር አይገባም። ሰዎቹ ግን በመካከላቸው የራሳቸውን ልክ አስቀምጠዋል፤ ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ዕቃ ማጠናቀቅ ይበቃል። ከዚህ በላይ የሚሮጥ ይሾፍበታል፣ አለዚያም ክንዱ ላይ በቡጢ ይመታል። በጣም የሚያንቀላፋም ይወቀሳል፤ የባልንጀሮቹን ድካም እየበላ ነውና። ከሁሉም የከፋው ግን ለአለቃ ወሬ የሚያቀብለው ነው። አንዳንዱ ቀን የቀናው ሰው ትርፍ ምርቱን ሳያስመዘግብ ያስቀምጠውና ሌላ ቀን ሲደክመው ያስመዘግበዋል። የቅርብ አለቃቸው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል።

ለምን? አጥኚዎቹ ሰዎቹን ሲያነጋግሩ ያገኙት መልስ ግልጽ ነበር። ብዙ ካመረትን ወይ የአንዱ ዕቃ ክፍያ ይቀነሳል፣ ወይ ከእኛ መካከል አንዱ ይባረራል ብለው ይፈራሉ። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጥናቱ ራሱ በ1932 የተቋረጠው ሥራ በመጥፋቱ ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ልጥቀስ። ሠራተኞቹ የአእምሮና የእጅ ቅልጥፍና ፈተና ወስደው ነበር። ከሁሉ ዝቅተኛ ምርት የነበረው ሰው በአእምሮ ፈተናው አንደኛ፣ በእጅ ቅልጥፍናው ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ። ይህን ሳነብ ስንቱን «ሰነፍ» የተባለ ሠራተኛ አስታወስኩ።

ከዚህ በኋላ የራሳችንን መሥሪያ ቤቶች በሌላ ዓይን ነው ያየኋቸው። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ የሚወጣው ሠራተኛ ስንት ዓመት ሙሉ የቀልድ መነሻ ሆኗል። ኮቱ ግን ለሚጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው። መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው «ገብቷል ወይ?» ብሎ እንጂ «ምን ጨረሰ?» ብሎ አይደለም፤ የጣት አሻራ መሣሪያ ሲመጣም አሻራውን ሰጥቶ ይወጣል። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ የሚደረግ ሥልጠና አዳራሹ ሞልቶ ያው ሥልጠና አዲስ አበባ ሲሆን ግማሹ ወንበር ባዶ የሚሆነው አበል ስለሌለው ነው፤ በደመወዙ ወሩን ማድረስ ያልቻለ ሰው አበሉን ቢፈልግ ምን ይገርማል? በየስድስት ወሩ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ሁሉም ሠራተኛ ተቀራራቢ ከፍተኛ ነጥብ ይዞ የሚወጣበት ነው። ኃላፊው ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጥ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ፊት የሚቆመው፣ በየቀኑ ተኮራርፎ የሚውለውም እሱ ነው። ከፍ አድርጎ ከሰጠ ግን የሚጠይቀው የለም። እነዚህ ሁሉ የሁለት ዕቃ ልክ ናቸው፤ ሰዎች ከደረሰባቸውና ካዩት ተነሥተው ያወጡት፣ ያልተጻፈ ግን ሁሉም የሚያውቀው ደንብ።

ዝምታውም የራሱ ታሪክ አለው። በእኛ አገር ሠራተኛ እንዲናገር ያልተጠየቀበት ዘመን የለም ማለት ይቻላል። በደርግ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግምገማ መጣ፤ ከዚያም አንድ ለአምስት አደረጃጀት። በመካከሉ የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመው የካይዘን ኢንስቲትዩት ጋር ደግሞ ካይዘን የተባለው የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ተጨመረ። ከነዚህ አንዳንዶቹ በመልካም ሐሳብ የተጀመሩ ናቸው፤ ካይዘን በተለይ ማሽኑን የሚነካው ሠራተኛ ከማንም በላይ ያውቃል ብሎ የሚነሣ በመሆኑ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው በግምገማ መድረክ የተናገረው ቃል ከወራት በኋላ በዝውውር ደብዳቤ ተመልሶ ሲመጣበት ያየ ባልደረባ፣ ሌላ ስም ባለው መድረክ ላይ አፉን እንዲከፍት መጠበቅ የዋህነት ነው። የመድረኩ ስም ተለወጠ እንጂ የሚያስታውሰው ሰው አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው ለውጥ አይቀበልም» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። ሠራተኛው ግን በደንብ ተምሯል፤ የተማረው መሥሪያ ቤቱ በቃል ያስተማረውን ሳይሆን በሥራ ያሳየውን ነው።

ዝምታ ስንት እንደሚያስከፍል በግልጽ ያየሁት ከአንድ የሆስፒታል ጥናት ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የስምንት የሕክምና ክፍሎችን የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት አነጻጸረች። የጠበቀችው በደንብ የሚመራና የሚተባበር ቡድን ያነሰ ስሕተት እንዲኖረው ነበር። ያገኘችው ተቃራኒውን ነው፤ ጥሩ የተባሉት ቡድኖች የበለጠ ስሕተት ተመዝግቦባቸዋል። ነገሩ ሲመረመር እነዚያ ክፍሎች ይበልጥ የሚሳሳቱ ሳይሆኑ ስሕተታቸውን የሚናገሩ ሆነው ተገኙ። በሌሎቹ ክፍሎች ነርሶቹ ይፈሩ ነበር፤ ስሕተቱ ከመዝገብ ላይ ይጠፋል፣ ከበሽተኛው ሰውነት ግን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህችው ተመራማሪ ሰው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበትን የቡድን መንፈስ በአንድ ፋብሪካ ቡድኖች ላይ አጥንታ ከመማርና ከሥራ ውጤት ጋር ያለውን ትስስር አሳይታለች። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ የሥራ ልማድ ነው፤ ምንም ችግር የሌለበት ሪፖርት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ክፍል የሚመራው ማን እንደሆነ ነው።

መናገር ያልቻለ ሰው የመጨረሻ አማራጩ መሄድ ነው። አልበርት ሂርሽማን የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ የናይጄሪያ ባቡር ድርጅት ከከባድ መኪናዎች ጋር እየተወዳደረም ለምን እንደማይሻሻል ሲመረምር ያስተዋለው ነገር ነበር። ቅር ያላቸው ደንበኞች ቅሬታቸውን ጮኸው ከመናገር ይልቅ ወደ መኪና ይሄዳሉ፤ ድርጅቱም ሊያስተካክለው የሚችለውን ድምፅ አብሮ ያጣል። በመሥሪያ ቤትም ቀድሞ የሚሄደው ሌላ ቦታ የሚፈለገው ሰው፣ ማለትም ችግሩን ማየትና መናገር የሚችለው ነው።

በአገራችን ፋብሪካዎች ይህ በቁጥር ታይቷል። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለመቀጠር ያመለከቱ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፍለው ተከታትለዋል። አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት ሥራውን ካገኙት 77 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። ገቢያቸው ከሌላው ሥራ የሚሻል አልነበረም፤ ጤናቸውም ለአደጋ ተጋልጧል። የፋብሪካ ኃላፊዎች ይህን ሲያዩ «የኢንዱስትሪ ዲሲፕሊን የላቸውም» ይላሉ። እኔ ደግሞ ሴቶቹ ሒሳባቸውን በትክክል አስልተው ያደረጉት ውሳኔ ነው እላለሁ። ከክፍለ ሀገር መጥታ በአንድ ክፍል ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር፣ ደመወዟ ከቤት ኪራይና ከምግብ የማያልፍ ልጅ ለቅርብ አለቃዋ በማታውቀው ቋንቋ ቅሬታ ከምታቀርብ ጠዋት ሳትመጣ ብትቀር ምን ይፈረድባታል?

በቢሮ ሥራ ላይ ያሉት ቢያንስ መልቀቂያ ያስገባሉ። የመልቀቂያ ደብዳቤዎችን በየግል ማኅደሩ እያገላበጥኩ አንብቤያለሁ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በገጠመኝ የግል ችግር ምክንያት» ይላሉ። ከአለቃው ጋር ዓመት ሙሉ ያልተነጋገረውም፣ ዕድገት ያለ አግባብ የተነፈገውም፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው የተከለከለውም የግል ችግር ገጥሞታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክሊራንሱን የሚፈርሙት፣ የሥራ ልምዱን የሚጽፉለት እነዚያው ሰዎች ናቸው። ከበር ሲወጣ እንኳን እውነቱን መናገር ያስከፍለዋል። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን «ሠራተኛ ለምን ይለቅብናል?» የሚል ጥናት እናስጠናለን።

በየኮሪደሩ የተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ይህንን እንዲፈታ የታሰበ ነው። ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት በራሱ ሥራ ነው። ሳጥኑን አልቃወምም፤ ነገር ግን አስተያየት የሰጠ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ሲለወጥ ካላየ ሁለተኛ አይጽፍም።

ሲለወጥ ያየሁበት መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠቅስም። አዲስ የመጡት ዳይሬክተር ስብሰባ ሲመሩ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት በሥራ ደረጃ ዝቅተኛ የሆነውን ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ዝምታ ነበሩ። እሳቸው ግን ዝምታውን በራሳቸው ንግግር አልሞሉትም። አንድ ቀን ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው የመዝገብ ቤቷ አንጋፋ ሠራተኛ እጃቸውን አወጡ። «ጌታዬ፣ ማኅተም የሚያደርገው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ስብሰባ ነው የሚውለው። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ያድራል፤ አንዳንዱ የሚያድርበት የለውም» አሉ። ከመካከላችን ይህን የማያውቅ አልነበረም። ዳይሬክተሩ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም?» አላሉም። አመሰገኗቸው፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ለሁለተኛ ሰው ውክልና ጽፈው ቅጂውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አስለጠፉ። በሚቀጥለው ስብሰባ የተናገሩት ብዙ ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ የዳይሬክተሩን የራሳቸውን ውሳኔ ነበር የተቃወመው፤ ምንም አልደረሰበትም። ለእኔ ከእትዬ ንግግር ይልቅ የከበደው ይኼኛው ነው።

ዳይሬክተሩ ከጊዜ በኋላ ተዛወሩ። ተተኪያቸው ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ጥሩነታቸውን ዛሬም እመሰክራለሁ። ግን ስብሰባውን የሚከፍቱት የራሳቸውን አቋም በመግለጽ ነው፤ ከዚያ በኋላ «አስተያየት ያለው?» ይላሉ። ብዙ ሳይቆይ ያው አዳራሽ፣ ያው ሰዎች፣ እትዬም ጭምር፣ ወደ ዝምታቸው ተመለሱ። የዝምታቸው ምንጭ ጠባያቸው ቢሆን ኖሮ በአለቃ ለውጥ እንዲህ ባልተገለባበጠ ነበር።

ስለዚህ አሁን ቢሮ የሚረከቡ ወጣት ኃላፊዎች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ አመራር ጥበብ አላወራም። የምላቸው ሁለት ነገር ነው፤ የአነጋገር ቅደም ተከተሉን በውስጥ መመሪያው ላይ በጽሑፍ አስፍሩት፣ ከዝቅተኛው ተጀምሮ ሰብሳቢው መጨረሻ እንዲናገር። በእያንዳንዱ ቃለ ጉባኤ ላይ ደግሞ ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ጉዳይ ምን እንደተደረገበት፣ ካልተደረገበትም ለምን እንዳልተደረገ ከነቀኑ የሚጻፍበት ዓምድ ጨምሩ። ሰው ይዛወራል፣ ይሾማል፣ ይሻራል፤ መመሪያ ግን ለሚመጣው ይቆያል። በዚያ መሥሪያ ቤት ስብሰባው እንደ ዱሮው ቢሆንም የማኅተሙ ውክልና በደብዳቤ የተሰጠ ስለነበረ እስካሁን እየተሠራበት ነው፤ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት የመጣ ባለጉዳይም ያው ጠዋት ይስተናገዳል።